ሕመም ለማያውቅ ክንድ ሕግ ያስፈልገዋል

በአምሳያ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ አሠልጣኝ ሆኖ የሚሰየም ሰው ከሚረከባቸው ሥራዎች ሁሉ የሚከብደው የወርዋሪዎቹ አስተዳደር ነው፤ መቺው ዛሬ ቢጫወት ነገም ከነገ ወዲያም መጫወት ሲችል፣ ወርዋሪው ግን ዛሬ የሰጠውን ኀይል ነገ መልሶ ሊሰጥ የማይችል፣ ክንዱም ከቀናት ዕረፍት በኋላ ብቻ የሚታደስ ስለ ሆነ፣ እርሱን የሚያዝ ሰው የዛሬውን ድል ከነገው ድል ጋራ ሲመዝን መኖር ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጽሑፍ ልከራከርለት የተነሣሁትም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በአምሳያ ሊግ ውስጥ ያለው ወርዋሪ ወረቀት ወይም የኮምፒውተር ቍጥር እንጂ ሥጋና ደም ስላልሆነ ሕመምን አያውቅም፤ ሕመምንም ስለማያውቅ «በቃኝ» ብሎ አይናገርም፤ ስለዚህ እርሱ ሊናገረው የማይችለውን «በቃኝ» የሊጉ ሕግና የአሠልጣኙ ሕሊና ሊናገሩለት ይገባል፤ ይህ ካልሆነ ጨዋታው የቤዝቦል አምሳያ መሆኑ ቀርቶ የስስት መለማመጃ ይሆናል።

ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ እንዳይሆን ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ቤዝቦል ሁለት ቡድኖች በየተራ እየመቱና እየተከላከሉ ዘጠኝ ኢኒንግ የሚጫወቱት፣ በሰዓት ሳይሆን በሚወጡ መቺዎች ቍጥር የሚለካ የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሦስት መቺ እስኪወጣበት ድረስ አንዱ ቡድን ይመታል፤ ተከላካዩም ዘጠኙን ኢኒንግ ለመፈጸም 27 ሰው ማስወጣት አለበት። በሜዳው ላይ ከተሰለፉት ተከላካዮች ሁሉ ይልቅ የጨዋታው ዕጣ የተንጠለጠለው በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው፤ እርሱም ከ1893 ጀምሮ በተወሰነው ልክ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ቆሞ፣ ኳሲቱን አንዴ በፍጥነት፣ አንዴ በጥምዝ፣ አንዴም በማታለል እየወረወረ፣ በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል ክርኑንና ትከሻውን ያስጨንቃል። በዚህ ምክንያት ማንም ወርዋሪ ጨዋታ ከፍቶ በማግስቱ እንደገና ሊከፍት አይችልም፤ በዘመናችን ያሉ ቡድኖችም ጨዋታ የሚከፍቱ አምስት ወርዋሪዎች ይዘው በተራ ያሰልፏቸዋል፤ ከእነርሱም በኋላ ጨዋታውን ተረክበው የሚጨርሱ ሰባት ወይም ስምንት ተተኪዎች ይኖራሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰሞነኞች ካህናትና ዲያቆናት ሰሞናቸውን አገልግለው ለተረኞቹ እንደሚያስረክቡ፣ አገልግሎቱም ሳይቋረጥ ዓመቱን እንደሚዘልቅ፣ የወርዋሪዎችም ተራ እንዲሁ ነው፤ የሥርዐቱ ጥንካሬ ከሁሉ የላቀው ባለ መልካም ድምፅ በየቀኑ በመቆሙ ሳይሆን ተረኛው ሁሉ በተራው በመገኘቱ ነው።

የአምሳያ ሊግ የሚባለው ደግሞ ይህንኑ ጨዋታ በሜዳ ሳይሆን በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በካርድና በዳይስ ወይም በኮምፒውተር ስሌት የሚያካሂድ የወዳጆች ማኅበር ነው። በ1951 ጄ. ሪቻርድ ሳይትዝ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ሰው አፕባ የተሰኘውን የካርድ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፤ ዐሥር ዓመት ቈይቶ በ1961 የኒው ዮርኩ ሃል ሪችማን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያሰላስለው የኖረውን ስትራት-ኦ-ማቲክን አወጣ፤ በ1999 ደግሞ ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንዞን አውት ኦቭ ዘ ፓርክ ቤዝቦል የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ። የማኅበሩ አባላት በሜዳ የተጫወቱትን እውነተኛ ተጫዋቾች በምርጫ ተከፋፍለው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቡድን ይዘው፣ ሙሉ የውድድር ዓመት እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ይህ ነገር በአሜሪካ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለመረዳት፣ በ1981 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ አድርገው በክሊቭላንድ ሊደረግ የነበረው የከዋክብት ጨዋታ በቀኑ ሳይካሄድ በቀረ ጊዜ፣ በዚያው ስታዲየም በስትራት-ኦ-ማቲክ ካርዶች መካሄዱን፣ በ2020ም ወረርሽኝ ሜዳዎቹን በዘጋ ጊዜ የጠፋው የውድድር ወራት በአምሳያ በየዕለቱ ለሕዝብ ይቀርብ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል።

በስትራት-ኦ-ማቲክ ሥርዐት አንድ ተጫዋች በሜዳ የሠራው የዓመት ሥራ ተቀምሮ በአንዲት ካርድ ላይ ይጻፍለታል። ሦስት ዳይሶች ተጥለው አንደኛው ከ1 እስከ 3 ያሳየ እንደ ሆነ ውጤቱ ከመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ያሳየ እንደ ሆነ ከወርዋሪው ካርድ ይነበባል፤ የቀሩት የሁለቱ ድምርም ከዚያ ካርድ ላይ የትኛው መሥመር እንደሚነበብ ይወስናል። እንግዲህ አንድ መቺ በአንድ ጨዋታ አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ሲቀርብ፣ የወርዋሪው ካርድ ግን እርሱ በሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ከሚቀርበው መቺ ሁሉ ጋራ የዕጣውን ግማሽ ይካፈላል። ከዚህ የተነሣ አንድ እጅግ የላቀ ወርዋሪ የያዘ አሠልጣኝ ልቡ የሚነግረው ነገር ግልጽ ነው፤ ያንኑ ካርድ ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም በጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር ይነግረዋል። የሚከለክለው ሕግ ከሌለም የሚከለክለው ምንም የለም፤ ካርዱ አይቀደድም፤ ቀለሙ አይደበዝዝም፤ በመቶኛው ጨዋታ የሚነበበው ቍጥር በመጀመሪያው ጨዋታ ከተነበበው አይለይም።

የሥጋ ክንድ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ ዘመን፣ በ1884፣ የፕሮቪደንሱ ቻርልስ ራድቦርን 678 ኢኒንግ ወረወረ፤ በ1908 የቺካጎው ኤድ ዎልሽ 464 ወረወረ፤ ከዚያ በኋላ መቺዎች እየበረቱ፣ እያንዳንዱ ውርወራ የሚጠይቀው ኀይልም እየጨመረ ስለ ሄደ፣ ዛሬ በአንድ ዓመት 200 ኢኒንግ የሚወረውር ሰው ከብርቱዎቹ የሚቈጠር ሆኗል። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ለነገሬ ከሳንዲ ኮፋክስ የሚበልጥ ምስክር አላገኝም። ይህ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ወርዋሪ በ1965 የውድድሩ ወራት ሳይጀመር ክርኑ አብጦ፣ መገጣጠሚያው በማይድን ብግነት መጐዳቱ በሐኪም ተነግሮት ሳለ፣ በዚያው ዓመት ከ335 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፤ በመጨረሻውም የሻምፒዮና ፍልሚያ፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ ሁለት ቀን ብቻ ዐርፎ ወርዋሪ ወደሚቆምበት ጕብታ ወጥቶ ሚኒሶታን አንድ ነጥብ እንኳ ሳያስገባ 2 ለ 0 ድል አደረገ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1966፣ ደግሞ 323 ኢኒንግ ወርውሮ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ 1.73 ነጥብ ብቻ በአማካይ እያስቈጠረ፣ 27 ጨዋታ አሸነፈ፤ ያ የድል ዓመት ካበቃ ብዙም ሳይቈይ፣ ገና 30 ዓመት ሆኖት፣ ክንዱን ለቀሪው ዕድሜው ለማትረፍ ሲል ጨዋታን ፈጽሞ ተወ። የ1966 ዓመቱን የኮፋክስ ካርድ በእጁ የያዘ አሠልጣኝ 27ቱን ድል ይዟል፤ 1.73ቱንም ይዟል፤ ያን ያበጠ ክርን ግን አልያዘም። ድሉ ያለ ዋጋው ተላልፎለታል፤ ዋጋ የሌለው ኀይል በእጁ የገባ ሰውም፣ ልጓም ካልተበጀለት በቀር፣ ያንን ኀይል በልክ ሲጠቀምበት አልታየም።

የሥጋው ዓለም ራሱ ይህን ልጓም የተማረው በብዙ ጕዳት ነው። በመስከረም 1974 ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ቶሚ ጆን ለተባለው ወርዋሪ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ በተበጠሰው የግራ ክርኑ ጅማት ፈንታ በተከለለት ጊዜ፣ ሰውየው 1975ን ሙሉ ሳይጫወት ታግሦ በ1976 ተመለሰ፤ ከዚያም እስከ 1989 ወርውሮ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራው ይህ ሕክምና ለብዙ ወርዋሪዎች መዳኛ ሆኗል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ነገር ሁለት ፊት አለው፤ ክንድ ትዕግሥት ካገኘ መታደስ እንደሚችል ያስተምራል፤ የመታደሱም ዋጋ በቀናት ሳይሆን በዓመት እንደሚለካ ያስተምራል። በአምሳያው ዓለም ከኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ድካምንና ጕዳትን አስልተው ይህን ዋጋ በከፊል ያስከፍላሉ፤ በካርድ የሚጫወቱት ግን አብዛኛውን ሸክም በሊጉ ደንብ ላይ ጥለውታል፤ ደንቡ ዝም ያለ እንደ ሆነ ዋጋውን የሚጠይቅ የለም።

ከታላላቆቹ ካርዶች ይልቅ ሊጉን የሚያበላሹት ግን ትንንሾቹ ናቸው፤ ይህንንም ብዙ ሰው አያስተውለውም። እንበልና አንድ ተተኪ ወርዋሪ በሜዳ በሙሉ ዓመቱ 20 ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ዕድል ቀንቶት፣ ምንም ነጥብ ሳይቈጠርበት ቀረ። ካርዱ የሚቀመረው ከዚያ ጥቂት ሥራ ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ ከኮፋክስም የሚበልጥ ሆኖ ይታያል። 20 ኢኒንግ የአንድን ወርዋሪ እውነተኛ ልክ ለማወቅ እጅግ ጥቂት መሆኑን የስሌት ሰዎች ሁሉ ይስማሙበታል፤ ሆኖም ሕግ የሌለበት ሊግ ይህን የዕድል ልጅ መቶ ሃምሳ ኢኒንግ እንዲወረውር ይፈቅድለታል፤ ሁለት መቶ ኢኒንግ በላቡ ወርውሮ መካከለኛ ካርድ ያገኘው የታመነ ሠራተኛም በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። በዚህ ጊዜ አምሳያው እውነቱን ገልብጦታል ማለት ነው፤ በሜዳ ለቡድኑ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው፣ ዓመቱን ሙሉ በተራው የተገኘው ሰው፣ በጠረጴዛ ላይ ዋጋ ያጣል፤ ለጥቂት ቀን ብልጭ ያለው ደግሞ ይነግሣል። እንዲህ ያለው ሊግ ለጽናት ዋጋ ስለማይከፍል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ላይ አባላቱ የታመኑትን ትተው ብልጭታዎችን ሲያሳድዱ ይገኛሉ።

የወርዋሪ አስተዳደር ምን ያህል የብዙ እጆች ሥራ መሆኑን ቀላል ሒሳብ ያሳያል። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፤ በዘጠኝ ኢኒንግ ሲባዛ 1,458 ኢኒንግ ገደማ ይሆናል። አምስቱ ጨዋታ ከፋቾች ተራቸውን ሳያጓድሉ እያንዳንዳቸው 32 ወይም 33 ጊዜ ቢወጡ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ስድስት ኢኒንግ ቢወረውሩ፣ የሁሉም ድምር 972 ነው። የቀረው 486 ኢኒንግ፣ ማለትም የጠቅላላው ሥራ ሢሶ፣ ስማቸው በማይጠራው ተተኪዎች ላይ ይወድቃል። አሠልጣኙ ይህን ሢሶ በበጋው ወራት ሳያስብበት የቀረ እንደ ሆነ፣ በውድድሩ መጨረሻ የተፈቀደላቸውን ኢኒንግ የጨረሱ ወርዋሪዎች ይዞ፣ ከሁሉ የከፋውን ካርድ ከሁሉ በከበደው ቀን ለማሰለፍ ይገደዳል። ለእኔ የአንድ አሠልጣኝ ብልኀት የሚታወቀው አንደኛውን ወርዋሪ እንዴት እንደ ያዘ በመጠየቅ አይደለም፤ ያንን ማንም ሰው ይችለዋል፤ ዐሥረኛውንና ዐሥራ አንደኛውን መቼ እንዳወጣቸው፣ 9 ለ 1 ሲመራና 9 ለ 1 ሲመራበት ማንን እንዳሠራ፣ ያንን ቀን ለነማን ዕረፍት እንዳደረገው በመጠየቅ ነው። የባልቲሞሩ አሠልጣኝ ኧርል ዊቨር ወጣት ወርዋሪዎችን በመጀመሪያ ዕጣው ባልከበደበት ሰዓት፣ በረጅም ተተኪነት ሥራ ማለማመድን ይመርጥ ነበር፤ በ1971ም ከከፋቾቹ አራቱ፣ ማክናሊ 21፣ ፓልመር፣ ኩዬላርና ዶብሰን ደግሞ እያንዳንዳቸው 20 ጨዋታ አሸንፈውለታል። ያ ዓመት ኀይል ለብዙዎች ተከፋፍሎ ሲሰጥ እንደማይቀንስ ያሳየ ዓመት ነው።

ስለዚህ ለሊግ መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነገር የያዘ ነው። አንደኛው፣ ማንም ወርዋሪ በሜዳ ከወረወረው ኢኒንግ በላይ በአምሳያው እንዳይወረውር መወሰን ነው፤ ለጭንቅ ቀን ከዐሥር አንድ እጅ ቢጨመር አልቃወምም፤ ከዚያ ያለፈ ግን ካርዱን የሐሰት ምስክር ያደርገዋል። ሁለተኛው፣ ዕረፍት በጨዋታ ብዛት ሳይሆን በቀን መቍጠሪያ እንዲለካ፣ ትናንት የሠራ ተተኪ ዛሬ ቢሠራ በሦስተኛው ቀን እንዲያርፍ፣ ጨዋታ የከፈተም አራት ቀን ሳይሞላው እንዳይመለስ፣ ይህም ሒሳብ ከመደበኛው ውድድር ወደ ፍጻሜው ውድድር ሲገባ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የተጠቀመበትን ኢኒንግ ሁሉም አባል በሚያየው መዝገብ ላይ ከግጥሚያው በኋላ ወዲያው እንዲያሰፍር፣ ወሰን ለተላለፈም የሚደርስበት ቅጣት፣ ለምሳሌ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ተራውን ማጣት፣ ውድድሩ ሳይጀመር በግልጽ እንዲታወቅ ነው። ቅጣቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ሕግ፣ ጥፋት በተገኘ ጊዜ ወዳጅን ከወዳጅ የሚያጋጭ ስለ ሆነ፣ ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ አያንስም።

ሕጉ ግን ወሰኑን ያሳያል እንጂ ጥበብን አያስተምርም፤ በወሰኑ ውስጥ የሚሠራው የአሠልጣኙ ሕሊና ነው። እዚህ ላይ በመጀመሪያ ሊታረም የሚገባው ልማድ ከሁሉ የሚበልጠውን ተተኪ ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ ማስቀመጥ ነው። የቺካጎው ጋዜጠኛ ጀሮም ሆልዝማን ያሰበው «ሴቭ» የተባለው መለኪያ በ1969 በይፋ ከተመዘገበ ወዲህ፣ የመጨረሻውን ሰው ያስወጣ ሁሉ በመዝገብ ሲከበር፣ በሰባተኛው ኢኒንግ ሦስቱ ቤዞች፣ ማለትም የመቺው ወገን ነጥብ ለማስቈጠር በየተራ የሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ ሞልተው፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ ቡድኑን ከጥፋት ያዳነው ሳይታወስ ይቀራል። በአምሳያ ሊግ ግን አሠልጣኙ የሚፈራው የተጫዋች ደመወዝ፣ የሚያባብለው የተጫዋች ኵራት የለበትም፤ ስለዚህ ትልቁን ክንድ ሰዓቱ ትልቅ በሆነ ጊዜ፣ ስድስተኛውም ኢኒንግ ቢሆን፣ የማያወጣበት ምክንያት የለውም። በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ቤዙም ባዶ ሆኖ በሚጀመር ዘጠነኛ ኢኒንግ ላይ ታላቁን ተተኪ ማውጣት፣ የተወሰነለትን ጥቂት ኢኒንግ ማባከን ነው።

ሁለተኛው የሕሊና ሥራ የደከመን ወርዋሪ በጊዜው ማንሣት ነው፤ በዚህም ነገር የሜዳው ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ምስክሮች ትቶልናል። በጥቅምት 2003 ቦስተን ኒው ዮርክን በሰባተኛው ጨዋታ 5 ለ 2 ይመራ በነበረበት ስምንተኛ ኢኒንግ፣ አሠልጣኙ ግሬዲ ሊትል የዘመኑን ታላቅ ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝን ወደ ጕብታው ሄዶ ካነጋገረው በኋላ በቦታው ተወው፤ ወርዋሪው ደክሞ ነበርና ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነ፤ ቦስተንም በ11ኛው ኢኒንግ ተሸነፈ። በጥቅምት 2020 ደግሞ የታምፓ ቤዩ ኬቨን ካሽ፣ 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ ዘጠኝ ሰው በስትራይክአውት (መቺው ኳሲቱን ሳያገኛት) ያስወጣውን ብሌክ ስኔልን በስድስተኛው ኢኒንግ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ አነሣው፤ ምክንያቱም መቺዎች አንድን ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት እንደሚበረቱበት ስሌቱ ያስተምራልና ነው፤ ተተኪው ግን ወዲያው ተመታ፤ ዶጀርስም 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አንዱ በእምነት ብዛት፣ ሌላው በስሌት ብዛት ተወቀሰ። ለአምሳያ አሠልጣኝ የሚጠቅመው ግን ወቀሳው ሳይሆን የሁለቱን ዓለማት ልዩነት ማወቁ ነው፤ በካርድ ጨዋታ መቺው ከወርዋሪው ጋራ አይለማመድም፤ በደንቡ የሚለወጠው የወርዋሪው ድካም ብቻ ነው፤ ደንቡ «ደክሟል» እስካላለ ድረስ ካርዱ እንደ ማለዳው ነው፤ «ደክሟል» ባለ ጊዜ ግን በስሙ ታላቅነት ምክንያት አንድ መቺ እንኳ መጨመር ሊትልን መምሰል ነው።

ሦስተኛው የሕሊና ሥራ ዕድልን ከጥፋት መለየት ነው። በ2001 ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ፣ ኳሲቱ ተመትታ በሜዳው ውስጥ ከዋለች በኋላ ትያዝ ወይም ታምልጥ እንደ ሆነ የሚወስነው ከሚታሰበው ይልቅ በጥቂቱ ብቻ ወርዋሪው መሆኑን፣ የእርሱ ሥራ በይበልጥ የሚገለጠው በስትራይክአውት፣ ያለ ምት ወደ ቤዝ በሚለቃቸው ሰዎችና በሆም ራን (ከሜዳው አጥር አልፋ በምትወጣ ምት) መሆኑን ባሳየ ጊዜ ብዙዎችን አስደነቀ። በሜዳ ይህ እውነት ከሆነ፣ ዳይስ በሚጣልበት ጠረጴዛ ላይማ ምን ያህል እውነት ይሆን! ዳይስ ትዝታ የለውም፤ ትናንት ስድስት ነጥብ የተቈጠረበት ካርድ ዛሬ ከትናንቱ አልከፋም፤ ትናንት ያሸነፈውም አልተሻለም። በሦስት ክፉ ምሽት ተቈጥቶ ጨዋታ ከፋቹን ከተራው የሚያወርድ አሠልጣኝ ዳይሱን ትቶ ወረቀቱን የሚገሥጽ ሰው ነው፤ ተራውንም ባፋለሰ ቍጥር የዕረፍቱን ሒሳብ ያፋልሳል፤ በመጨረሻ የሚጐዳውም ራሱ ነው።

ቍጠባ ስል ግን ንፍገትን ማለቴ አይደለም። ወሰን የተበጀለት ኢኒንግ የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ወደ ሚቀጥለው ዓመት የሚሻገር ትርፍ የለውም። ስለዚህ ታላቁን ካርድ ለሚመጣ ክፉ ቀን እያለ ሲሸሽግ ኖሮ በመጨረሻው ቀን 40 ኢኒንግ ሳይሠራበት በእጁ የቀረ አሠልጣኝ፣ አባካኙ ሰው የሠራውን ስሕተት በሌላ በኩል ሠርቶታል። የሳን ፍራንሲስኮው ማዲሰን ባምጋርነር በ2014 የሻምፒዮና ፍልሚያ አምስተኛውን ጨዋታ ብቻውን ነጥብ ሳያስቈጥር ከጨረሰ በኋላ፣ ሁለት ቀን ዐርፎ በሰባተኛው ጨዋታ በተተኪነት ገብቶ አምስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ ቡድኑን ካንሳስ ሲቲ ላይ 3 ለ 2 በሆነ ውጤት ሻምፒዮን አደረገ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጨዋታ አልነበረም፤ ነገ በሌለበት ቀን ደግሞ ሁሉን መስጠት ትክክለኛ ፍርድ ነው። ብልኀቱ የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ የመጨረሻ መስሎ የሚታየውን ቀን መለየት ነው፤ በ162 ጨዋታ ውስጥ እንዲህ መስለው የሚታዩት ቀናት ብዙ ናቸው፤ በእውነት የሆኑት ግን ጥቂት ናቸው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኞቹ፣ ጨዋታ ነጻነት ነውና ሰው በሕልሙ እንኳ ኮፋክስን በየቀኑ ማሰለፍ ለምን ይከለከላል ይላሉ። እኔም ብቻውን በቤቱ የሚጫወትን ሰው አልከለክልም፤ ደስ ያለውን ያድርግ። ሊግ ግን የብዙዎች ቃል ኪዳን ነው፤ አንዱ ያለ ልክ በተጠቀመ ቍጥር ሌሎቹ ወይ እንደ እርሱ ለመሆን ወይ ለመሸነፍ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ነጻነት የሌሎቹ ሁሉ እስራት ይሆናል። ሁለተኞቹ ደግሞ፣ ወረቀት ምንም የማይሰማው ስለ ሆነ ለወረቀት መራራት ሞኝነት ነው ይላሉ። እኔም ለወረቀቱ አልራራሁም፤ የምከራከረው በወረቀቱ ላይ ስለ ተጻፈው እውነት ነው። አንድ ሰው 20 ኢኒንግ ከወረወረ 20 ነው የወረወረው፤ መቶ ሃምሳ ያደረገው ሰው ስለ ቤዝቦል የተጻፈውን ታሪክ በራሱ እጅ ለውጦ የተጫወተ ነው፤ ያሸነፈውም ድል ያልነበረ ሰው ያሸነፈው ድል ነው። የአምሳያ ክብሩ የተመሰለለትን ነገር በመምሰሉ ነው፤ ቤዝቦልን ቤዝቦል የሚያደርገው ደግሞ ከፍጥነትና ከጥምዝ ይልቅ፣ ያ ታላቅ ክንድ ዛሬ ከሠራ ነገ የማይሠራ መሆኑ ነው። ድካምን ከዚህ ጨዋታ ያወጣ ሰው ከነገሩ የልቡን ምት አውጥቶታል።

ሊጎች አዲሱን የውድድር ዓመት ከመጀመራቸው በፊት በስብሰባቸው ላይ ሊያነሡት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ማንን ይመርጣል የሚለው ሳይሆን፣ የተመረጠው ሁሉ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። የሥራው ልክ ከታወቀ ምርጫው ራሱ ይስተካከላል፤ 200 ኢኒንግ የሠራው ሰው እንደ ሥራው ይፈለጋል፤ 20 የሠራው እንደ 20 ይገመታል፤ አሠልጣኙም ዐሥራ ሁለቱን ወርዋሪዎቹን ሁሉ ማወቅና በተራቸው ማመን ይገደዳል፤ አሸናፊው በታወቀ ጊዜም ያሸነፈው ከሁሉ የሚበልጥ ካርድ ስለ ያዘ ሳይሆን ያለውን ኀይል ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በልክ ስላዳረሰ መሆኑን ተሸናፊዎቹ ሁሉ ሳያጕረመርሙ ይቀበሉታል።